ቡጢው ኃይሉን ከየት ያገኛል? ስለ ሩሲያ የውጊያ ስፖርቶች ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሳምቦ (የሶቪየት የትግል ስፖርት)፣ ስለ ሲስተማ (የሩሲያ የፍልሚያ ጥበብ) እና ስለ ሶቪየት የቦክስ አሠለጣጠን ናቸው። ሦስቱ ሲመቱ ሲታዩ አይመሳሰሉም። ኃይሉ የሚነሣው ግን በሦስቱም ከመሬትና ከሰውነት ክብደት ነው፤ ክንድ አድራሽ ብቻ ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ መልሰናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት ላይ ባለኝ ኃይል ሁሉ ስመታ ከረጢቱ ይወዛወዛል እንጂ የምቱ ድምፅ ደካማ ነው። አሠልጣኜ «እየገፋህ እንጂ እየመታህ አይደለም» ይለኛል። ክንዴ ጠንካራ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ አሠልጣኝዎ ትክክል ናቸው። የሚመታ ቡጢ ከረጢቱን የሚነካው ለአንድ ወይም ለሁለት መቶኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የሚገፋ ቡጢ ግን ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ኃይሉ እየተበተነ ከረጢቱን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ አያጎደጉደውም።

ክንድዎ ጠንካራ መሆኑ የሚያስገኘው የሚያስቡትን ያህል አይደለም። የሶቪየት ተመራማሪው ፊሊሞኖቭና ባልደረቦቹ የ120 ቦክሰኞችን ቀጥተኛ የኋላ እጅ ቡጢ ለክተው በ1985 በታተመው ጥናታቸው እንዳሳዩት፣ በስፖርት ማስተር ደረጃ (በሶቪየት ከፍተኛ የስፖርተኛ ማዕረግ) ካሉት ቦክሰኞች የምት ኃይል ውስጥ 38 ከመቶ ገደማ የሚመጣው ከኋላ እግር ግፊት፣ 37 ከመቶ ከወገብ በላይ ካለው አካል መዞር፣ 24 ከመቶ ብቻ ከክንድ መዘርጋት ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የክንዱ ድርሻ ወደ 38 ከፍ ሲል የእግሩ ወደ 16.5 ይወርዳል። ጀማሪውን ከማስተሩ የሚለየው የእግሩ ሥራ ነው ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ግራ እግርዎ ከፊት ነው እንበል። የቀኝ እግርዎ የፊት መዳፍ መሬቱን ይገፋል፣ ተረከዙ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዳሌው ይከተላል፣ ቀጥሎ ደረትና ትከሻ፤ ክርን የሚዘረጋው ከሁሉም በኋላ ነው። ቡጢው መንገድ ሲጀምር ዳሌዎ እኩሌታውን ዞሮ መጠበቅ አለበት። የፊት እግር ደግሞ ብሬክ ነው። ምቱ በሚያርፍበት ቅጽበት ጸንቶ ካቆመ የዳሌው ፍጥነት ወደ ላይኛው አካል ይተላለፋል። ጉልበቱ ታጥፎ ከጣቶችዎ አልፎ ከሄደ ግን ሰውነትዎ ከቡጢው ጋር አብሮ ይንሸራተታል። ከረጢቱን እየገፉ ያሉት በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ነው። በጣም ቀርበው ከቆሙ ቡጢው ፍጥነቱን ሳይጨርስ ይደርስና ቀሪው መንገድ ግፊት ይሆናል። በሚነኩበት ቅጽበት ክርንዎ ትንሽ ታጥፎ እንዲቀር አድርገው ይቁሙ፤ ዒላማዎም የከረጢቱ ቆዳ ሳይሆን ከቆዳው አንድ ቡጢ ያህል ወደ ውስጥ ያለው ቦታ ይሁን።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያየው፣ ከመነሻው ጀምሮ እጅን አጥብቆ መጨበጥ ነው። ቡጢው ገና ሳይነሣ የተጨበጠ እጅ የክንዱን የፊት ጡንቻ ያወጥራል፤ ያ ጡንቻ ክንዱን የሚያጥፍ ስለሆነ የሚዘረጋውን የኋላውን ጡንቻ ይጎትተዋል። ካናዳዊው የጀርባ ባዮሜካኒክስ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊልና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጥናት በምርጥ ተፋላሚዎች ላይ የጡንቻ ውጥረት ሁለት ጊዜ እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ መጀመሪያ ምቱን ለማስነሣት፣ በመሐል ላላ ብሎ፣ እንደገና በሚነካበት ቅጽበት። ይህ የመሐሉ ላላታ ነው ፍጥነቱን የሚሰጠው።

ለማስተካከል እንዲህ ይሥሩ። ቡጢዎን ከረጢቱ ላይ ያሳርፉ፣ ክርንዎ በ90 ዲግሪ ገደማ ይታጠፍ፣ ክንዱን ምንም ሳያንቀሳቅሱ በኋላ እግርዎና በዳሌዎ ብቻ ከረጢቱን ነቅነቅ ያድርጉት፤ በያንዳንዱ ጎን 10 ጊዜ። ከረጢቱ ካልተነቃነቀ እግሩ አልሠራም። ከዚያ በ70 ከመቶ ኃይል ነጠላ ቡጢዎችን ይምቱ፤ 3 ዙር፣ በየዙሩ 10፣ በየቡጢው መካከል ወደ ቦታዎ ተመልሰው አንድ ጊዜ በሙሉ ይተንፍሱ። የምቱ ድምፅ መድከም ሲጀምር ያቁሙ፤ ደክሞ የሚደረግ ድግግሞሽ መግፋትን መልሶ ያስተምራል።

ጥያቄ፦ የሩሲያው የቅይጥ ፍልሚያ ተፋላሚ ፊዮዶር ኢሜሊያኔንኮ ክንዱን ከውጭ አዙሮ፣ አውራ ጣቱን ወደ ታች አድርጎ የሚመታው ምት ከቦክስ ሁክ (ከጎን ከሚመጣው ቡጢ) ጋር አንድ ነው? እኔ ስሞክረው አውራ ጣቴን አመመኝ።

መልስ፦ አንድ አይደለም። በሁክ ክርኑ እንደታጠፈ ይቆያል፣ ኃይሉም ከሞላ ጎደል ከመዞር ነው። ይህኛው ግን በጉዞው ላይ እየተዘረጋ ይሄዳል፤ ትከሻው ከፍ ብሎ አገጭን ይሸፍናል፣ ክርኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ መዳፉ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ቡጢው ከተጋጣሚው የፊት እጅ በላይ አልፎ ከጎን ይወርዳል። ጭንቅላትዎ ደግሞ ከመሐል መሥመሩ ወጥቶ ወደ ተቃራኒው ጎን ዝቅ ይላል። ከኢሜሊያኔንኮ በፊት የካርኪቩ ኢጎር ቮቭቻንቺን በዚሁ ምት ከእሱ በብዙ የሚገዝፉ ሰዎችን ጥሏል፤ ቁመቱ አጭር ስለነበር ረዘም ያለና ከላይ የሚያልፍ መንገድ ያስፈልገው ነበር።

ኃይሉ ከሦስት ነገር ይጠራቀማል፦ ሰውነት ወደ ፊት ሲወድቅ ከሚገኘው፣ ከወገብ በላይ ያለው አካል ከመዞሩና የላይኛው ክንድ በትከሻ ውስጥ ወደ ውስጥ ከመሽከርከሩ። የመጀመሪያውን ብዙዎች ያባክኑታል። ወደ ፊት እየረገጡ ሲመቱ እግርዎ ቀድሞ መሬት ከነካ፣ የመውደቁን ኃይል መሬቱ ይወስደዋል። ቡጢው ከእግሩ ጋር እኩል ወይም በቅጽበት ቀድሞ መድረስ አለበት። (ከላይ ስለ ፊት እግር ብሬክነት ያልነው ቆሞ በመዞር ለሚመታ ቡጢ ነው፤ ይህኛው በእርምጃ የሚመታ ነው። ሁለቱን አያደባልቁ።)

አውራ ጣትዎን ያመመዎት እጅዎን ከመጠን በላይ ስላዞሩት ነው። አውራ ጣት በቀጥታ ወደ ታች ሲያይ ማረፊያው የቡጢው ጎን ይሆናል። ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ዝቅ ማለቱ ይበቃዋል፤ ማረፍ ያለበትም በጠቋሚና በመሐል ጣት አንጓ ነው። በመስታወት ፊት በዝግታ ዘርግተው ከእጅዎ ጀርባ እስከ ክርንዎ ያለው መሥመር አለመሰበሩን ይዩ። ከዚያ እጅዎን ጠቅልለው፣ ጓንት አድርገው፣ ከረጢት ላይ በግማሽ ኃይል ይጀምሩ። በቦክስ ግጥሚያ ደግሞ በጓንቱ ውስጠኛ ገጽ መምታት ጥፋት መሆኑን አይርሱ።

ይህ ምት በሳምቦ ተፋላሚዎች እጅ ሥር የሰደደበት ምክንያት አለው። ሳምቦ ኅዳር 16 ቀን 1938 በሶቪየት ኅብረት እንደ ስፖርት ሲታወቅ ዋናው ነገሩ መያዝና መጣል ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ በቶኪዮ ኮዶካን በተባለው የጁዶ ትምህርት ቤት ጁዶ ተምሮ በ1913 ጥቁር ቀበቶ ያገኘ ሰው ነው። ምቱ ቢስት ክንዱ የሚወድቀው ተጋጣሚው አንገት ወይም ትከሻ ላይ ነው፤ ከዚያ ይይዙታል፣ ይጥሉታል። መያዝ የማይችል ሰው ሲስት ግን ወደ ፊት ወድቆ፣ አገጩ ተጋልጦ፣ ለአፐርከት (ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ቡጢ) ራሱን ያቀርባል። ስለዚህ ምቱን ብቻ ነጥለው አይለማመዱ፤ ሆን ብለው እየሳቱ አንገት መያዝን አብረው ይልመዱ።

ጥያቄ፦ ሲስተማ የሚያስተምሩ ሰዎች «ሰውነትህን ካላላህ ያለ ምንም ኃይል ሰው ትጥላለህ» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ሲስተማ በሚለው ስም ከአንድ በላይ አካሄድ አለ፤ በክራስኖዳር አሌክሲ ካዶችኒኮቭ (1935–2019) ነገሩን በመካኒክስ፣ በማንሻና በሚዛን ሕግ ሲያስረዱ፣ የሞስኮው ሚካኢል ሪያብኮና በ1993 ቶሮንቶ ትምህርት ቤት የከፈቱት ቭላድሚር ቫሲሊየቭ ደግሞ በትንፋሽና በመላላት ላይ አተኩረዋል።

እውነቱ ላላ ያለ ክንድ ፈጣን መሆኑ፣ ወደ ኋላ ሳይሳብ ስለሚነሣም ተጋጣሚው ቀድሞ አለማየቱ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ መላላት ክብደት አይፈጥርም። የ80 ኪሎ ሰው አንድ ክንድ ከነመዳፉ 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከኋላው አካል ካልተያያዘ የሚያርፈው ያ 4 ኪሎ ብቻ ነው። ጥሩ የሲስተማ መቺ ሲመታ ጉልበቱን ይመልከቱ፦ ቡጢው ሲነካ ሰውነቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ የእጁ አንጓም በዚያች ቅጽበት ይጸናል።

ራስዎ ይሞክሩት። ጓደኛዎ ፓድ (ምት መቀበያ ትራስ) ሆዱ ላይ ይያዝ፣ እርስዎ እጆችዎን አንጠልጥለው ይቁሙ። ቡጢው ከጭንዎ ጎን ወደ ኋላ ሳይሄድ በቀጥታ ይነሣ፤ ሲነካ ጉልበቶችዎን ወደ 5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ያድርጉ፣ በአፍዎ ይተንፍሱ። ያለ ዝቅታው 5 ጊዜ፣ ከዝቅታው ጋር 5 ጊዜ ይምቱና ልዩነቱን ፓድ ያዡን ይጠይቁት።

ሳይነኩ ሰው ስለ መጣል የሚታየው ሁሉ የተማሪው ትብብር ነው፤ በመካኒክስ ምንም መሠረት የለውም። ቀስ ያለ ልምምድም ብቻውን አደገኛ ነው፤ ዝግ ባለ ፍጥነት ተቀባዩ ሳያውቀው ይረዳዎታልና። የሚራመድ፣ ፓዱን የሚያነሣና የሚያወርድ፣ አልፎ አልፎም መልሶ የሚመታ ሰው ላይ ካልሠራ አልተማሩትም።

ጥያቄ፦ በኮምባት ሳምቦ (ምት በሚፈቀድበት የሳምቦ ዓይነት) ኩርትካዬን (የሳምቦ ጃኬቴን) ተይዤ ስመታ ምቴ ባዶ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ቦታ ስለሌለዎት ነው፤ ረጅም ምት አይሞክሩ። ግራ እጅዎ ኩርትካውን ከአንገትጌው አጠገብ ይይዝ። ግራ ዳሌዎ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀኙ ወደ ፊት ይመጣል፤ በዚህ በአንድ መዞር ግራው ይስባል፣ ቀኙ ይመታል። የተጋጣሚው ጭንቅላት ወደ ቡጢው እየመጣ ስለሆነ ሁለቱ ፍጥነቶች ይደመራሉ። የተለመደው ስሕተት መጀመሪያ ስቦ ቆይቶ መምታት ነው፤ በዚያች መዘግየት ተጋጣሚው ጀርባውን ያቀናል ወይም ይጠመጠምብዎታል። ክርንና ጉልበት ስለሚፈቀዱ በዚህ ርቀት ከቡጢ ይልቅ እነሱ ያዋጣሉ። ተይዘው ሳሉ ከፍ ያለ እርግጫ አይርገጡ፤ የቆሙበትን አንድ እግር ጠርጎ ይጥልዎታል።

ጥያቄ፦ ስመታ ትንፋሼን ልያዝ ወይስ ላውጣ?

መልስ፦ በሚነካበት ቅጽበት አጭርና ቁርጥ ያለ ትንፋሽ ያውጡ፤ ሁሉንም ሳይሆን ጥቂቱን። ሆድ ይጸናል፣ ትከሻ አይወጠርም። ትንፋሽዎን ይዘው የሚመቱ ከሆነ ከጥቂት ተከታታይ ምቶች በኋላ ትከሻዎ ከብዶ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ከልምምድ በኋላ ከትንሿ ጣቴ አንጓ በታች ያብጣል።

መልስ፦ ቡጢዎ የሚያርፈው በውጭው ጎን ነው ማለት ነው። ትንሿን ጣት የሚሸከመው የመዳፍ አጥንት ቀጭን ስለሆነ በቡጢ በብዛት ከሚሰበሩት አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ክርኑ ቀድሞ ወደ ውጭ ሲከፈት ወይም ተጋጣሚው ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ሲቀበል ነው። ጣቶችዎን ከጫፋቸው ጀምረው ይጠቅልሉ፣ አውራ ጣት በጠቋሚውና በመሐሉ ጣት ላይ ተጋድሞ ይቆልፋቸው፤ በጭራሽ ውስጥ አይግባ። 4.5 ሜትር የሚሆን የእጅ መጠቅለያ ጨርቅ ተጠቅመው በእጅዎ አንጓ ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያዙሩት። ቦታውን ሲጫኑት የሚያም ወይም ጣቱ ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚዞር ከሆነ ኤክስሬይ ይነሡ፤ ሐኪም ሳያየው ከረጢት አይንኩ።