መልስ፦ ስለ ላክስተን አጥቢያ የጋራ ማሳዎች
ሰላም ለእርስዎ። በእንግሊዝ አገር ጥንታዊው አጥር አልባ የእርሻ ሥርዓት ዛሬም የሚሠራበት አጥቢያ አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ አዎን፣ በኖቲንግሃምሻየር የምትገኘው ላክስተን ናት። ሦስቱ ሰፋፊ ማሳዎቿ ለገበሬዎቹ በቁራጭ በቁራጭ የተደለደሉ ሲሆኑ፣ ስንዴ፣ ከብርዱ ወራት በኋላ የሚዘራ እህልና ዕረፍት በየዓመቱ ይፈራረቁባቸዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ዳኝነቱ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች በስንዴው ማሳ በእግራቸው እየዞሩ ድንበሩን በእንጨት ችካል ያመለክታሉ፤ ከድርሻው አልፎ የጋራውን መንገድ ወይም የሣሩን ዳር ያረሰ ካለም በመንደሩ ችሎት የገንዘብ ቅጣት ይወሰንበታል። በ1635 እ.ኤ.አ. ማርክ ፒርስ የሠራው ካርታ እያንዳንዱን ቁራጭ መሬት ስለሚያሳይ፣ የዛሬውን ማሳ ከዚያን ዘመኑ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከመንደሩ በስተሰሜን ደግሞ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት የኖርማኖች ምሽግ ቆሞበት የነበረው የአፈር ጉብታ እስካሁን ይታያል።