የኋላ መብራት ለሌለው መኪና እንዴት ይነገራል? ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትመለሺ መሸብሽ። ሸኖን እንዳለፍሽ የኋላ መብራት የሌለው አይሱዙ ድንገት ፊትሽ ተገተረ። ለጥቂት ተረፍሽ። ረጅም መብራት ብልጭ ብታደርጊለት ጭራሽ ፈጠነ። ስታልፊው ክላክስ ብታደርጊ ደግሞ ባውዛውን ለቀቀብሽ። «እንዴት ነው የሚነገረው? ወይስ ዝም ብሎ ማለፍ ይሻላል?» ብለሽ ጠየቅሽ። ብዙ ሰው «የራስሽን ንጂ፣ ምን አገባሽ» ብሎ መልሶልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። በደሴ መስመር መጀመሪያ በአውቶቡስ፣ በኋላ በጭነት መኪና ለዓመታት ነድቻለሁ። ያየሁትንና የሚሠራውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ያ ሾፌር መብራቱ እንደጠፋ አያውቅም። ግዴለሽ የሆነ የለም አልልም፣ አለ። አብዛኛው ግን አያውቅም። የፊት መብራት ሲቃጠል ወዲያው ይታይሻል፣ መንገዱ ይጨልማል። ፍሬቻ ሲቃጠል በብዙ መኪና ላይ ጠቅጠቅታው ይፈጥናል፣ ጆሮሽ ይነግርሻል። የኋላ ፓርኪንግና ፍሬን ሲያዝ የሚበራው የስቶፕ መብራት ግን ሲጠፉ ጋቢና ውስጥ ምንም አይለወጥም። ሰውየው ማታ ሲነሳ ይበራ የነበረ አምፖል አሌልቱ ጋ ሲደርስ ሊቃጠል ይችላል። በጭነት መኪና ደግሞ ጭቃ አለ፣ አቧራ አለ፣ ተንጠልጥሎ መብራቱን የሸፈነ ሸራ አለ፣ በንዝረት የተነቀለ የተሳቢ ሶኬት አለ። መብራቱ እየሠራ እንኳ ከኋላ ላይታይ ይችላል።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንቺ በ80 ትነጂያለሽ እንበል። በሰከንድ 22 ሜትር ትሄጂያለሽ ማለት ነው። አጭር መብራት ጥርት አድርጎ የሚያሳይሽ 50 ሜትር ገደማ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ አይሱዙ በ30 ቢሄድ ልዩነታችሁ 50 ነው። ያንን 50 ሜትር ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትጨርሺዋለሽ። ከዚያ ላይ አንድ ሰከንዱ «ምንድነው እሱ?» እስክትዪ ያልቃል። አንቺ ተርፈሻል። ከኋላሽ የሚመጣው ግን አላየውም። ስለዚህ «ምን አገባሽ» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ለአይሱዙው ብቻ አይደለም የምትነግሪው፣ ከኋላ ልጆቹን ጭኖ ለሚመጣው ቪትዝም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ብልጭታው። ችግሩ ብልጭታ በእኛ አገር ብዙ ነገር ይናገራል። ከፊት ለሚመጣ ብልጭ ስታደርጊ «ትራፊክ አለ» ማለት ሊሆን ይችላል። «ረጅሙን ዝቅ አድርግ» ሊሆን ይችላል። «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ሊሆን ይችላል። ከኋላ ሲሆን ደግሞ «ልለፍህ» ነው የሚመስለው። ያ ሰውዬ የፈጠነው ልታልፊው የፈለግሽ መስሎት ነው፣ ወይ ደግሞ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱን አትናቂው። በዚህ ጊዜ በጨለማ ከኋላ መብራት እያበራ የሚጠጋን መኪና ማን ያምናል? ጭነት የያዘ ሾፌር በተለይ አያምንም። አንቺም በእሱ ቦታ ብትሆኚ አትቆሚም፣ መቆምም የለብሽም።

ስለዚህ ማታ ከከተማ ውጭ የእኔ ምክር ይህ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ለማስቆም አትሞክሪ። ፊቱ ገብተሽ አታግጂው። ጎን ለጎን ሆነሽ መስኮት አውርደሽ አትጩሂ፣ ከፊት የሚመጣ አለና። ርቀትሽን ጠብቂ። ከኋላው ሆነሽ አራቱንም ፍሬቻ አብሪ። ያ ለእሱ ሳይሆን ከኋላሽ ለሚመጣው ነው። አንቺ የኋላ መብራት ሆንሽለት ማለት ነው። ረጅም መብራት ግን አትልቀቂበት፣ ስፖኪዮው ውስጥ ገብቶ ያሳውረዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ማደያ፣ ኬላ ወይም ከተማ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም። በዚያ መስመር ጫጫ፣ ሸኖ፣ አሌልቱ፣ ሰንዳፋ ተራ በተራ ይመጣሉ። እዚያ ሲቆም ወይም ፍጥነት ሲቀንስ፣ መብራትና ሰው ባለበት ንገሪው። ካልቆመ አልፈሽ ሂጂና ኬላው ላይ ላለው ፖሊስ ወይም ትራፊክ ንገሪ። «ከኋላዬ የሚመጣ ነጭ አይሱዙ የኋላ መብራት የለውም፣ ታርጋው ይህ ነው» በቃ። ይህ ሰው ማስቀጣት አይደለም። ብዙ ጊዜ ትራፊኩ አስቁሞ «አስተካክል» ብሎ ነው የሚለቀው። ቢቀጣውስ? ቅጣት ከሞት ይሻላል።

አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። «መብራት አስተካክል እንጂ! ሰው ልትጨርስ ነው!» ብለሽ ከጀመርሽ ሰውየው የሚሰማው ስድቡን ነው። መብራቱን አይሰማም። «ወንድሜ፣ የኋላ መብራትህ አይበራም፣ የግራው ነው» በይው። ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ «ጋሼ፣ ስቶፕዎ አይሠራም» በይ። የትኛው ጎን እንደሆነ መናገር ትልቅ ነገር ነው። «መብራትህ!» ብለሽ ብቻ ካለፍሽ የፊቱን ያየዋል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል። ረዳት ካለ ለረዳቱ ንገሪ። ረዳት ወርዶ ያያል፣ እጁም ቀልጣፋ ነው።

ከተማ ውስጥ ነገሩ በጣም ይቀላል። ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ስትቆሙ መስኮት ታወርጃለሽ፣ ይነገራል። በሩቅ ከሆነ ደግሞ እጅ አለ። ጣቶችሽን ገጥመሽ ከፈት ዘጋ ካደረግሽ ማንም የእኛ አገር ሾፌር ፍሬቻ ወይም መብራት መሆኑን ይገባዋል። ወደ ታች ወደ ጎማ ከጠቆምሽ ጎማ ነው። ቀን ላይ ክላክስ አንዴ አጠር አድርገሽ፣ ከዚያ በእጅሽ ማሳየት። ደጋግሞ መጮህ ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሾፌር ደግሞ ፍሬን ይረግጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሌላም ነገር እየበዛ ነው። አዳዲስ መኪኖች ሞተር ሲነሳ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆኑ ሲከፈቱ የፊት የቀን መብራታቸው ራሱ ይበራል። ዳሽቦርዱም ቀንና ማታ ቦግ ያለ ነው። ሾፌሩ መብራት ያበራ ይመስለዋል። የኋላው ግን በብዙዎቹ ላይ ድርግም ያለ ነው። ከ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ስለበዛ ይህን በየምሽቱ አያለሁ። ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው የሚታይሽ። እንዲህ ላለው ሰው «የኋላ መብራትህ አይሠራም» ካልሽው ጋራዥ ሊሄድ ነው። «መብራቱን በማብሪያው አብራው፣ ከኋላ አይታይም» በይው። አንድ ማዞር ነው።

ቪትዝሽ ላይ የኋላ ወንበር የሚቀመጡ ልጆች ስላሉሽ ይህንንም ልጨምር። በሩ በደንብ ያልተዘጋ መኪና፣ ክዳኑ የተከፈተ የነዳጅ ታንከር፣ በበር ተይዞ መሬት የሚጎተት የነጠላ ጫፍ። እነዚህን ስታዪ አትለፊ። ነጠላው በተለይ ባጃጅና ሞተር ላይ ጎማ ውስጥ ከገባ ሰው አንገቱን ይዞ ነው የሚጥለው። እዚህ ላይ ክላክስ መደጋገምም ይፈቀዳል እላለሁ፣ ጊዜ የለማ።

ከመብራት ይልቅ ሰው የማይጠቁመው ግን ጎማና ፍሬን ነው። አንድ ጊዜ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ከፊቴ ተሳቢ ያለው ጭነት ነበር። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሺ መንገዱ ቁልቁለት ብቻ ነው። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ፍሪሲዮን ሲቃጠል የሚሸተው ያ ደረቅ፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታ። ቀጥሎ ከተሳቢው የቀኝ ኋላ ጎማ ሰማያዊ የመሰለ ቀጭን ጭስ ወጣ። ሾፌሩ አላየውም፣ በግራ በኩል ተቀምጦ መታጠፊያው ላይ ነው ዓይኑ። ብልጭ አላደረግኩም። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ እስኪመጣ ከኋላው ቆየሁ። ክላክስ አንዴ አድርጌ ረዳቴ በመስኮት ወጥቶ «ቀኝ ኋላ! ጎማ ይጨሳል!» እያለ ጠቆመው። ዳር ያዘ፣ ረዳቱ ዘሎ ድንጋይ ከጎማው ስር ከተተ። ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሎ ነበር። ጎማው አጠገብ እጅ ማስጠጋት አይቻልም። አንዱ ልጅ ጀሪካን ይዞ ውሃ ሊደፋበት ሲሮጥ ሾፌሩ ጮኸበት። ልክ ነበር። የጋለ ታንቡር (ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት) ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋሽ ሊሰነጠቅ ይችላል። ራሱ እስኪበርድ ይጠበቃል። እሳት ከያዘ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከጥንድ ጎማ የውስጠኛው ሲተነፍስም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ መሪው ላይ ብዙም አይሰማውም። የውጪው ብቻውን ሸክሙን ይይዛል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። በሁለቱ መሃል የተሰነቀረ ድንጋይም አለ። ያ ድንጋይ ፍጥነት ላይ ሲፈናጠር የኋለኛውን መኪና መስታወት ነው የሚያገኘው። ከኋላ ያለሽው አንቺ ነሽ የምታዪው።

የተበላሸ መኪና መንገድ ላይ ሲቆምም እንነጋገር። ሰው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። ምንም ከሌለው አልፈርድበትም። ግን አብዛኛው ከመኪናው ሦስትና አራት እርምጃ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። በ80 የሚመጣ ሰው አይቶ እስኪቆም ደረቅ መንገድ ላይ እንኳ 60 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ቢያንስ መቶ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ። ጠመዝማዛ ከሆነ ከመታጠፊያው በፊት ይቀመጥ። ከሁሉ የሚያናድደኝ መኪናው ከተጠገነ በኋላ የሚቀረው ድንጋይ ነው። ሰውየው ተነስቶ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ማታ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ይህንን ስታዪ ደህና ቦታ ከሆነና ቀን ከሆነ አንሺው። ማታ ብቻሽን ከሆንሽ አትውረጂ። 991 ላይ ለፖሊስ ደውለሽ ቦታውን ተናገሪ።

እኛም ሲነገረን መስማት አለብን። ሰው ሲጠቁመኝ እጄን አነሳለሁ፣ ከዚያ ደህና ቦታ ስደርስ ወርጄ አያለሁ። እጅ ማንሳቷ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ያ ሰው ነገም ለሌላው እንዲናገር ታደርገዋለች። ባውዛ የለቀቀብሽ ሰው አንቺን ብቻ አይደለም የጎዳው፣ «ሁለተኛ አልናገርም» አሰኝቶሻል። እባክሽ አትበዪ።

መጨረሻ ላይ የጻፍሻትን አልረሳሁም። የራስሽ ቪትዝ የግራ ስቶፕ ሁለቴ አምፖል ተቀይሮለት እንደገና ጠፋ ብለሻል። አምፖሉ ላይሆን ይችላል። ብዙ መኪና ላይ ፓርኪንጉና ስቶፑ አንድ አምፖል ውስጥ ያሉ ሁለት ክሮች ናቸው፣ አንዱ 5 ዋት፣ አንዱ 21 ዋት። ፓርኪንጉ እየበራ ስቶፑ ብቻ ከጠፋ ትልቁ ክር ተቃጥሏል ወይም ጫፉ አይነካም። ፍሬን ስትይዢ ፓርኪንጉም አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ ማሳው ነው፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው ብረት የሚመልሰው ግንኙነት። መብራቱን አስወርደሽ የአምፖሉን መቀመጫ አሳዪ፣ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይሆናል። ሁለቱም ስቶፕ በአንድ ጊዜ ቢጠፉ ደግሞ አምፖል ከመግዛትሽ በፊት ፊውዙንና ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችውን ትንሽ ስዊች አሳዪ። ለመፈተሽ ሰው አያስፈልግሽም። ማታ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ግቢ በር ጀርባሽን ሰጥተሽ አቁሚና ፍሬን ያዢ። በስፖኪዮ የግራና የቀኙ ቅላት ግድግዳው ላይ እኩል መታየት አለበት። እኔ ቦሎ ሲደርስ ብቻ አልጠብቅም፣ ረጅም መንገድ ስወጣ ሁሌ አየዋለሁ።

የመኪናሽን ዓመተ ምርትና ፓርኪንጉ ይበራ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚታይ እነግርሻለሁ።