የስፖርት ሳይንስ የምትማረው ልጄ ተመራማሪ መሆን ትችላለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደንበጫ ነው። ልጄ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ ፊሽካ ልትነፋ ነው?» እያለ ያሳቅቀኛል። እርሷ ግን በኤክሰርሳይስ ፊዚዮሎጂ ገፍታ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና ተመራማሪ መሆን እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ይህ ሙያ ምንድን ነው? መንገዱስ ምን ያህል ይረዝማል? ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ የሚመረመር ነገር አለ ወይስ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነው? ወይስ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ነርስነት ትዛወር?
እናት፣ ከደንበጫ

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ጤና ይስጥልኝ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ዘመዶችዎ ያሉትን በዚህ ልለፈው። ልጅዎ የመረጠችው ግን ሌላ ሙያ ነው። ኤክሰርሳይስ ፊዚዮሎጂ ሰው ሲንቀሳቀስ ልቡ፣ ሳንባው፣ ደሙና ጡንቻው እንዴት ተቀናጅተው እንደሚሠሩ፣ በልምምድም ሆነ በሥራ ብዛት እንዴት እንደሚለወጡ የሚያጠና ሳይንስ ነው። ሐኪም በአብዛኛው የሚያየው የታመመውን ሰው ሲሆን፣ የዚህ ሙያ ባለቤት ደግሞ ጤነኛው ሰው ዳገት ሲወጣ፣ ሲያርስ ወይም ሲሮጥ ሰውነቱ የሚያደርገውን ይለካል፤ የሚያገኘው ዕውቀትም ከሯጩ አልፎ ለስኳርና ለልብ ሕመምተኛው ይተርፋል።

ሥራው በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ ወጣት ሯጭ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን የጎማ ጭምብል ታስሮለት በመሮጫ ማሽን ላይ ይሮጣል። ከጭምብሉ የሚወጣው ቱቦ የተነፈሰውን አየር ወደ መለኪያው ያደርሳል፤ ፍጥነቱ በየሦስት ደቂቃው ይጨመራል፤ ሰውነቱ የሚጠቀምበት የኦክስጅን መጠንም አብሮ ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ፍጥነቱ እየጨመረ ቁጥሩ ባለበት ቀረ። ላቡ በአገጩ ሥር ይንጠባጠብ የነበረው ልጅ እጁን አንስቶ «በቃኝ» እስኪል ድረስ መምህሩ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለም። ሰውነት ከዚያ በላይ ኦክስጅን ሊጠቀም የማይችልበትን ይህን ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያብራራው እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል ነው፤ እርሱም ስለ ጡንቻ ባደረገው ምርምር የ1922ን የኖቤል ሽልማት ከጀርመናዊው ኦቶ ማየርሆፍ ጋር ተጋርቷል። ልምምድ የማያዘወትር ጤነኛ ወጣት ወንድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ሲጠቀም፣ ምርጥ የረጅም ርቀት ወንድ ሯጮች ከ70 ሚሊ ሊትር ያልፋሉ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ይህን አልደብቅዎትም። ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሦስተኛ ዲግሪ ይከተላል። ማዕረጉም ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ወደ ፕሮፌሰር የሚያድገው በጆርናል በሚታተም ምርምር፣ በማስተማርና በአገልግሎት ነው። ፕሮፌሰር ለመባል ብላ የምትገባበት ከሆነ ትደክማለች፤ መለካትንና መጠየቅን ከወደደች ግን ዓመታቱ አይከብዷትም።

በጎጃም የሚመረመር ነገር አለ ወይ ላሉት ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ልጅዎን ከሁሉ በላይ የሚጠቅማት ይህ ይመስለኛልና። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ታልፋለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት፣ ከእርሱም ጋር በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት፣ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የጮቄ ተራራ 4,100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በግርጌውና በወገቡ ገበሬው ያርሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ደግሞ በአንድ ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ መሆኗ የዓለምን ሳይንቲስቶች ስለ ከፍታ እንዴት እንዳነጋገራቸው ለሚያውቅ ሰው፣ ጎጃም ራሱ የተዘረጋ ቤተ ሙከራ ነው።

ከጎረቤትም አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ደገኞች ዘንድ እንደሚታየው የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ብዛት እንደሌላቸው፣ ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅን ግን ሊሸከመው ከሚችለው በአማካይ 95.3 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ይህንን የመሰለ ጥያቄ በጮቄ ገበሬዎች ላይ አንስቶ መሥራት የሚገባው እዚያው ያደገ፣ ቋንቋውንና የእርሻውን ወቅት የሚያውቅ ሰው ነው።

ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። መኖሩ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጋዝ መለኪያው አነፍናፊ አካል ዕድሜው አልቆ፣ መለወጫውን የሚገዛ የውጭ ምንዛሬ በመጥፋቱ ማሽኑ ለወራት በሸራ ተሸፍኖ ሲቀመጥ፣ ተማሪዎቹም የመመረቂያ ርዕሳቸውን ሲቀይሩ አይቼ አዝኛለሁ። በአንጻሩ ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ጥናት የተነሣው ከለንደን አውቶቡሶች ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት ያነሰ መሆኑን አሳየ። ባሕር ዳር በብስክሌት የምትታወቅ ከተማ ናት፤ በብስክሌት ሥራ የሚሄደውንና ባጃጅ ሲነዳ የሚውለውን በሥርዓት ማወዳደር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቂ ሥራ ነው። 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የእንጨት መወጣጫ፣ ምት የሚጠብቅ ድምፅና አንድ ሰዓት ይዞ ለሦስት ደቂቃ ማስወጣትና ማስወረድ፣ ከዚያም የልብን ምት መቁጠር ዛሬም ተቀባይነት ያለው የብቃት መለኪያ ነው።

ልጅዎ ሴት መሆኗም እንደ ትልቅ ዕድል ይታየኛል። በዓለም ላይ የተሠሩት የስፖርት ሳይንስ ጥናቶች በአብዛኛው የለኩት ወንዶችን ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ልቧ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ለማወቅ በደረቷ ላይ የመለኪያ ቀበቶ ማሰር ያስፈልጋል፤ ያችም እናት ይህን ለሴት ተመራማሪ በቀላሉ ትፈቅዳለች። ውጭ አገር መማር ዕድሉ ከመጣ ይጠቅማል፤ ጥያቄው ግን ከዚህ ይዛው የምትሄደው ቢሆን እመርጣለሁ።

ነርስነት ክቡር ሙያ ነው፤ ልቧ ከሌለበት ግን አያዛውሯት። ይልቁንስ ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና በተለይ ብዙ የስፖርት ተማሪዎች የሚሸሹትን ስታቲስቲክስ አጥብቃ ትያዝ። ለዕረፍት ደንበጫ ስትመጣ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የእጅዎን አንጓ ይዛ የልብዎን ምት ለአንድ ደቂቃ ትቁጠር፤ ከገበያ ዳገቱን ወጥተው ሲገቡም ወዲያው፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላም ደግማ ትቁጠር። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተሸከሙትን ክብደት ጭምር በደብተር ጽፋ ሁለት ሳምንት ሳታቋርጥ ከያዘች፣ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ያንን ደብተር ይዛ አማካሪዋ ዘንድ ትግባ።