የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁለቱን አብረን ለማስተናገድ መርጠናል። አንደኛው ለበጎ ሥራ ገንዘብ መስጠት ከሚፈልግ ቤተሰብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከለጋሽ በሚያገኘው ገንዘብ ከሚሠራ ማኅበር የተላከ ነው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ነገር ግን አንዱ የሚጠይቀውን ሌላው ከወዲያ ማዶ ሆኖ የሚኖረው በመሆኑ፣ ሁለቱም የሌላውን መልስ ቢያነቡ ይጠቀማሉ ብለን እናምናለን።

ጥያቄ

«እኔና አራት ወንድሞቼና እህቶቼ የምንኖረው በአሜሪካ ነው። ያረፉትን እናታችንን ለማስታወስ ከራሳችን ባዋጣነው ገንዘብ አነስተኛ ፋውንዴሽን አቋቁመናል። ዓላማችን እናታችን በተወለዱበት በደቡብ ወሎ ሴት ተማሪዎችን መደገፍ ነው። ባለፈው ክረምት ደሴና ኮምቦልቻ ሄደን ሦስት ማኅበራትን አነጋገርን። ሁሉም በአክብሮት ተቀበሉን፤ ያቀረብነውንም ሐሳብ ሁሉ ‹እሺ፣ በጣም ጥሩ ነው› አሉን። አንደኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሚያምር የፕሮጀክት ሰነድ ሰጠን። ሌላው የአካባቢው ሴቶች የመሠረቱት ሲሆን ሒሳቡን በደብተር ነው የሚይዘው። ማንን እንምረጥ? ገንዘቡንስ ሳናስቀይማቸው እንዴት እንቆጣጠር? የሒሳብ ባለሙያችን ደግሞ ‹ዝም ብላችሁ መላክ አትችሉም› ብሎናል።»
— ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ

ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ሦስቱም ማኅበራት ሁሉንም ነገር «እሺ» ማለታቸው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ የሟች እናቱን ስም ይዞ የቆመ እንግዳ ፊት ተቀምጦ «ይህ ሐሳብ በእኛ አካባቢ አይሠራም» ማለት በእኛ ባህል ቀላል አይደለም። ይሉኝታ አለ፤ ከይሉኝታው በላይ ደግሞ ተቃውሞ ከሰማ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል የሚል ስጋት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ማኅበሩ እምቢ ቢል ምንም እንደማይጎድልበት በተግባር ማሳየት ነው። ይህንንም በቃል ከመናገር ይልቅ በአጠያየቅ ማሳየት ይቀላል። «ለሴት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ብንገዛስ?» ብላችሁ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በሚቀጥለው ጉዟችሁ «በዚህ አካባቢ ሴት ልጅ ትምህርቷን የምታቋርጠው በስንተኛ ክፍል ነው? በምን ምክንያት?» ብላችሁ ጠይቁት። የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል፤ ከገጠር ቀበሌ መጥታ በከተማ ለምትማር ልጅ ዩኒፎርሙ ቢገዛላትም ማደሪያ ከሌላት ትመለሳለች። ውኃ መቅዳት፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ብዕሩን ይዛችሁ መልሱን የምትጽፉት ደግሞ እናንተ ብትሆኑ የግንኙነቱ መልክ ከዚያው ይለወጣል።

ማንን እንምረጥ ለሚለው፣ የሚያምረው ሰነድ ማኅበሩ ሰነድ ማዘጋጀት የሚችል ሰው እንዳለው ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ያ በራሱ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ልጆቹ ቤት ድረስ የሚሄደው፣ መምህራኑ የሚያውቁት፣ አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትቀር በሳምንቱ የሚሰማው የትኛው ነው የሚለውን አይመልስም። የሴቶቹ ማኅበር ደብተርም ቢሆን መናቅ የለበትም። ደብተሩን አብራችሁ ተመልከቱት፤ ገቢና ወጪው በቀን የተመዘገበ፣ ደረሰኙ የተያያዘ፣ ፊርማው ከአንድ ሰው በላይ ከሆነ የጎደለው መሣሪያ እንጂ ታማኝነት አይደለም። እድሮቻችን ለብዙ ዘመን የሰው አደራ የጠበቁት በደብተርና በዳኛ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ ነው። ኤች አይ ቪ ኤድስ በተስፋፋባቸው ዓመታት በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው ወደ ሕሙማን እንክብካቤና ወላጅ ወዳጡ ሕፃናት ድጋፍ የገቡት ይህንኑ አሠራር ይዘው ነበር።

ሕጋዊ ሰውነቱን ግን ማጣራት ግዴታ ነው። በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራው የክልሉ ሕግ የሚያዘውን አካል ምዝገባ ይይዛል። እድርና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ማኅበራት ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ናቸው፤ ስለሆነም ከእነሱ ጋር መሥራት ከፈለጋችሁ የተመዘገበ ማኅበር ገንዘቡን ተቀብሎ ከእድሩ ጋር የሚሠራበት መንገድ ይሻላል። ለፕሮጀክቱም በተለምዶ ከፋይናንስ ቢሮና ጉዳዩ ከሚመለከተው ቢሮ፣ በእናንተ ሁኔታ ከትምህርት ጋር፣ የፕሮጀክት ስምምነት ስለሚፈረም ለዚያ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከመርሐ ግብሩ ውስጥ አስገቡ።

የሒሳብ ባለሙያችሁ ትክክል ነው። በቤተሰብ ገንዘብ የቆመ ድርጅት በአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን ተብሎ ስለሚታይ፣ በየዓመቱ ከኢንቨስትመንት ንብረቱ 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ አድራጎት የማውጣት ግዴታ አለበት። ለውጭ አገር ማኅበር ሲሰጥ ደግሞ ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው፣ ማኅበሩ ከአሜሪካ ሕዝባዊ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር አቻ መሆኑን ብቃት ያለው የግብር ባለሙያ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የገንዘቡን አወጣጥ የመከታተል ኃላፊነትን ፋውንዴሽኑ ራሱ መውሰድ ነው። በዚህኛው መንገድ ከመስጠት በፊት ማጣራት፣ የጽሑፍ ውል መፈራረም፣ ገንዘቡ ተለይቶ እንዲያዝ ማድረግ፣ ሪፖርት መቀበልና በዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ ላይ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለትንሽ ማኅበር ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው የሚቀል ይመስለናል፤ የአቻነት ማረጋገጫው ብዙ ሰነድ የሚጠይቅና ወጪውም ቀላል ያልሆነ ነውና።

ሳናስቀይም እንዴት እንቆጣጠር ያላችሁትም እዚህ ላይ ይመለሳል። ሕጉ የሚጠይቃችሁን ለማኅበሩ በግልጽ ንገሩት። «ይህን ደረሰኝ የምንጠይቃችሁ ስለምንጠራጠራችሁ አይደለም፤ እኛም ለመንግሥት የምናቀርበው ነው» የሚል ሰጪ፣ ራሱ ተጠያቂ መሆኑን ስላሳየ ማንንም አያስቀይምም። ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ ግን ቀንሱ። ሪፖርቱ በአማርኛ ይጻፍ፤ እናንተ አማርኛ ታነባላችሁ፣ ትርጉም ካስፈለገም የትርጉሙን ወጪ ፋውንዴሽኑ ይሸፍን። የሴቶቹን ማኅበር እንግሊዝኛ ጸሐፊ ፍለጋ ማንከራተት ልጆቹ ጋ የሚደርሱበትን ሰዓት መቀማት ነው።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ከዓመታት በፊት በአንድ ለጋሽ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የጤፍ ዘር መግዣ መድበን ነበር። የማኅበሩ ሰነድ በቅጹ መሠረት አልተሞላም ብለን ሦስት ጊዜ መለስነው። ገንዘቡ የደረሰው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ በነሐሴ መጨረሻ ነው። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ለገበሬዎቹ ምን እንዳሉ በኋላ ሰማሁ፤ «ያዘገየነው እኛ ነን» ብለው ነበር። ለጋሹን ላለማሳጣት የራሳቸውን ስም ሰጡ። ያን ቅጽ ሦስት ጊዜ ከመለሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም። በእናንተ ጉዳይ ደግሞ የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በመስከረም ነው። የፋውንዴሽናችሁ ዓመት በጥር ወር የሚከፈት ቢሆንም ገንዘቡ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ማኅበሩ እጅ መግባት አለበት፤ ለዚህም ቀኑ በውሉ ውስጥ የማኅበሩ ብቻ ሳይሆን የእናንተም ግዴታ ሆኖ ይጻፍ።

የምንዛሬውንም ነገር በውሉ አንሱ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከ60 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የተስማማችሁት ገንዘብ በብር ሲበዛ ትርፉ ለማን እንደሚሆን፣ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ ሲጨምርስ በጀቱን ማን እንደሚያስተካክል አስቀድሞ ካልተነገረ ጥሩ ወዳጅነት በዚያ ይበላሻል። እኛ የምንመክረው ጭማሪው ለዚያው ሥራ እንዲውል፣ ማኅበሩም በጽሑፍ አሳውቆ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ገንዘብን ከአንዱ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላው ማዛወር እንዲችል ነው።

በመጨረሻም፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ አትጀምሩት። አንዲት ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ እስክትጨርስ አራት ዓመት ይፈጃል። ለአሥር ልጆች አራት ዓመት መቆየት ለአርባ ልጆች አንድ ዓመት ከመታየት እጅግ ይበልጣል፤ ማኅበሩም ልጆቹን ሲመለምል የሚገባላቸው ቃል የእናንተን ቃል ያህል ነውና።

ጥያቄ

«ማኅበራችን በአዲስ አበባ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ይደግፋል። ዋናው ለጋሻችን አንድ የውጭ ፋውንዴሽን ነው። ለምግብና ለመድኃኒት ይከፍላል፤ ለቢሮ ኪራይና ለሒሳብ ሠራተኛችን ደመወዝ ግን ‹ገንዘባችን በቀጥታ ለተረጂው መድረስ አለበት› ብሎ አይከፍልም። በየወሩ ሪፖርት ከአረጋውያኑ ፎቶግራፍ ጋር ይጠይቃል። አንዳንዶቹ እናቶች ፎቶ ሲነሡ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ብንናገር ይተውናል ብለን እንፈራለን። ምን እናድርግ?»
— ከአዲስ አበባ

መልስ

ፍርሃታችሁ ምክንያት አለው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያግድ፣ በአንድ ለጋሽ ላይ የቆመ ሥራ ምን እንደሚገጥመው በአገራችን ያሉ ብዙ ማኅበራት በአንድ ሰሞን አይተዋል። ይሁን እንጂ ዝም ማለትም አያድናችሁም። የሒሳብ ሠራተኛችሁ ደመወዝ አጥቶ ቢለቅ ሪፖርቱን የሚያዘጋጅ አይኖርም፤ ያን ጊዜ ለጋሹ የሚሄደው በዚያ ምክንያት ይሆናል።

በወጪው እንጀምር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያውል ይከለክላል፤ እስከ 20 በመቶ ድረስ ማዋልን ግን ይፈቅዳል። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የመብራትና የውኃ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ በዚያ ውስጥ የሚታዩ ናቸው። አረጋውያኑን ቤት ለቤት የሚጎበኝ ሠራተኛና የሚሄድበት ትራንስፖርት ግን የሥራው አካል ነው። በቀድሞው በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን፣ ከወጪው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳይውል በሚያዘው፣ 70/30 በሚባለው መመሪያ ምክንያት እንዲህ ያሉ ወጪዎች በአስተዳደር ስለሚቆጠሩ ብዙ ማኅበራት ተቸግረዋል፤ ያ ልማድ በአንዳንድ ለጋሾች አእምሮ ዛሬም አለ። ስለዚህ የአንድ አረጋዊ ወርሃዊ ድጋፍ በእርግጥ ስንት እንደሚፈጅ፣ ምግቡን የሚያደርሰውን ሰውና ደረሰኙን የሚመዘግበውን ጨምራችሁ አስሉና በአንድ ገጽ አቅርቡ። ልመና አይምሰል፤ የዋጋ መግለጫ ይሁን። ለጋሹ የሚሰጠው መልስ ምን ዓይነት ባልደረባ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ፎቶግራፉን በሚመለከት ግን ለድርድር የምታቀርቡት ነገር ያለ አይመስለንም። አንዲት እናት ፊቷን በነጠላ ስትሸፍን መልሷን ሰጥታለች። ለጋሹ ማረጋገጫ የመጠየቅ መብት አለው፤ ማረጋገጫው ግን በፊርማ ወይም በጣት አሻራ የተደገፈ የርክክብ ሰነድ፣ የእድሩ ተወካይ ምስክርነት፣ ወይም ሳይነገር የሚደረግ ጉብኝት ሊሆን ይችላል። ፎቶ የፈቀደ አረጋዊ ካለ የት እንደሚታተም ተነግሮት ይነሣ፤ በኋላም ሐሳቡን ቢለውጥ ምስሉ ይወገድ። ይህንኑ በሁለት አንቀጽ ጽፋችሁ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ያጽድቀው። ከዚያ በኋላ ለለጋሹ የምትጽፉት «አንፈልግም» ብላችሁ ሳይሆን «ማኅበራችን የሚተዳደርበት ደንብ ይህ ነው» ብላችሁ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ብቻውን አይጋፈጥም።

ወርሃዊውን ሪፖርት በተመለከተ፣ በሩብ ዓመት ሪፖርትና በአጭር ወርሃዊ የስልክ ውይይት እንዲተካ ሐሳብ አቅርቡ። በስልክ የሚነገር ችግር ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ፋውንዴሽኑም እውነቱን ቶሎ ይሰማል። ውላችሁ ስለ መቋረጥ የሚለው ነገር ከሌለ፣ ማንኛውም ወገን ከማቋረጡ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚል አንቀጽ እንዲጨመር ጠይቁ፤ አረጋውያኑን ወደ ሌላ ድጋፍ ለማሸጋገር ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይበቃም። ይህን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ከማጨቅ ይልቅ በመጀመሪያ የዋጋ መግለጫውን ላኩ፤ ስለ ፎቶግራፉ ያለውን ደንብ ከጉባኤው ቃለ ጉባኤ ጋር አስከትሉ፤ ስለ መቋረጥ የሚለውን አንቀጽ ደግሞ ውሉ ከመታደሱ ሁለት ወር በፊት አንሱት።