ኤቲፒ ሲያልቅ ጡንቻ አይላላም

«ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ ያጥራሉ ወይ? ኤቲፒስ (የሴሉ ኃይል አቀባይ ሞለኪውል) የሚገባው የቱ ጋ ነው?» ላልሽው እህቴ፦ በዚችው ጥያቄ ፊዚዮሎጂ ወድቄ ኮርሱን ደግሜያለሁ፤ አንቺ እንዳትደግሚ ልንገርሽ። ካልሲየም ከሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በጡንቻ ሴል ውስጥ ካለው ማከማቻው) ወጥቶ ትሮፖኒን (መኮማተሩን የሚከፍተው ፕሮቲን) ላይ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ፤ እሱን ልለፈው።

1. ክሮቹ አያጥሩም። ቀጭኑ ክር አክቲን በወፍራሙ ክር በማዮሲን ላይ ይንሸራተታል እንጂ ሁለቱም ርዝመታቸው ያው ነው። አይ ባንድ (አክቲን ብቻ ያለበት ሰቅ) እና ኤች ዞን (ማዮሲን ብቻ ያለበት) ይጠባሉ፤ ኤ ባንድ (የማዮሲን ሙሉ ርዝመት) ንቅንቅ አይልም። በ1954 እ.ኤ.አ. አንድሪው ሃክስሌይ ከኒደርጌርኬ፣ ሂው ሃክስሌይ ከጂን ሀንሰን ጋር ሆነው በየፊናቸው ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሃክስሌዮች አይዛመዱም፤ አታምታቻቸው።

2. እኔን የጣለኝ ግን ይሄ ነው። በቃል ፈተና «ኤቲፒ ሲያልቅ ጡንቻው ምን ይሆናል?» ተባልኩ። ቤንዚን እንዳለቀበት መኪና መስሎኝ «ይላላል» አልኩ። መምህሩ «ሬሳ ሲገነዝ አይተህ አታውቅም?» ብሎ አሰናበተኝ። ውጤቱ ይታይልኝ ብዬ ማመልከቻ ይዤ ስሄድ፣ የቢሮዋ ሴትዮ ሳታነበው መለሰችልኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በዚያው ክረምት አያቴ አረፉ። ሽማግሌዎቹ «ሳይደርቁ ቶሎ!» እያሉ እጅና እግራቸውን ሲያስተካክሉ፣ ጥያቄው ያኔ ገባኝ። የማዮሲን ራስ (ከማዮሲን ክር ወጣ ያለው ጫፍ) አክቲንን ይጨብጣል፣ ኤቲፒ ተሰንጥቆ ከቀሩት ሁለት ቁርጥራጮች ፎስፌቱን ሲለቅ ይስባል፣ ኤዲፒውንም ከጣለ በኋላ እንደጨበጠ ይቀራል። የሚያላቅቀው አዲስ ኤቲፒ መጥቶ ሲቀመጥበት ነው። ኤቲፒው ሲሰነጠቅ ደግሞ ራሱ ለቀጣዩ ስበት ይወጠራል። ካልሲየሙን ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕም ያለ ኤቲፒ አይሠራም። ሰው ሲሞት ኤቲፒ የሚተካ የለም፤ ካልሲየሙ ይፈስሳል፣ ራሶቹም እንደጨበጡ ይቀራሉ። አካሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚገተረው ለዚህ ነው። በኋላ መልሶ የሚላላው ፕሮቲኖቹ መፈራረስ ሲጀምሩ እንጂ ኤቲፒ ተገኝቶ አይደለም።

አያቴን እያሰብኩ ዑደቱን ሃምሳ ጊዜ ሣልኩት። በድጋሚው ፈተና ኤ አመጣሁ፤ ያው መምህር ነበር የፈተነኝ።

3. ስትሥይ ታዲያ ከካልሲየም አትጀምሪ። ራሱ አክቲንን ጨብጦ ከቆመበት ጀምሪ፤ የመጀመሪያውን ቀስት ኤቲፒ ሲገባና ራሱ ሲላቀቅ አድርጊው። ሥለሽ ስትጨርሺ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።