ጓንግዡ ለእቃ ስትሄድ ጂሜልህና የቤት ኮምፒውተርህ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለእቃ ጓንግዡ ልትሄድ ነው፣ ጂሜልህም ቤት ዴስክቶፕ ላይ ያሉት ኢንቮይሶችም እዛ ሆነህ ያስፈልጉሃል፣ ኤኒዴስክ (ከሩቅ ሆነህ ኮምፒውተርህን በኢንተርኔት የምታዝበት ፕሮግራም) ልጫን ወይ ነው ያልከው። ኤኒዴስኩን ቆይ እንመጣበታለን፣ መጀመሪያ ግን ቻይና ውስጥ ጂሜል እንደማይከፍት ታውቃለህ? ጎግል እዛ ዝግ ነው። የሆቴል ዋይፋይ ላይ ሆነህ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ይሽከረከራል እንጂ አይገባም። በሮሚንግ ዳታ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሲምህን ዳታ እዛ ስትጠቀም፣ ግን ይሰራል፣ ምክንያቱም ዳታው ዞሮ በሲምህ አገር ኔትወርክ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ሮሚንግህን እዚሁ አስከፍተህ ዋጋውንም ጠይቀህ ሂድ።

ብዙ ሰው የሚያለቅሰው ደግሞ ኮዱ ላይ ነው። አዲስ ቦታ ሆነህ ልግባ ስትል ጎግል ይጠራጠርሃል፣ ኮድ ልኬልሃለሁ ይልሃል፣ ኮዱ የሚመጣው በኢትዮጵያ ቁጥርህ፣ አንተ ደግሞ የቻይና ሲም ለማስገባት ያንን ሲም አውጥተህ ቦርሳ ውስጥ ከተኸዋል፣ በቃ አለቀ። ዛሬ ማታ ጎግል አካውንትህ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ግባና ኦተንቲኬተር የሚባለውን የኮድ አፕ አያይዝ፣ እሱ ኔትወርክ ምናምን አይፈልግም፣ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ እዛው ስልክህ ላይ ያወጣል። እዛው ባክአፕ ኮድ የሚልም አለ፣ ባለ 8 አሃዝ 10 ኮድ ይሰጥሃል፣ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሰራው። ወረቀት ላይ ፃፈው፣ ስክሪንሾት አድርጌ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ እንዳትለኝ፣ ስልኩ ከተሰረቀ ምን ልታደርግ ነው?

ኤኒዴስክ ይሰራል፣ ግን እኛ ሰፈር መብራት አለ ብለህ ነው? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ላይ ካላስተካከልከው ኮምፒውተሩ በራሱ አይነሳም፣ አንተ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፋብሪካ በር ላይ ቆመህ ኢንቮይሱን ስትፈልግ እዚህ ገና ሌሊት 10 ሰዓት ነው፣ ማንን ቀስቅሰህ በተኑን ልታስነካ ነው። እኔን ብትሰማኝ የሚያስፈልጉህን ፋይሎች ብቻ ላፕቶፕህ ላይ ገልብጥ፣ ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ዲስኩን የሚቆልፈውን ቢትሎከር አብራው፣ ድንገት ቢቆለፍብህ የሚከፍተውን የሪከቨሪ ቁልፍ ቤት ላለ ሰው ስጥ። ራውተርህ ላይ ፖርት ከፍቼ ሪሞት ዴስክቶፕ ልስራልህ የሚል ቴክኒሻን ከመጣ ደግሞ በሻይ ሸኘው፣ የሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት የሆነው 3389 ክፍት ከሆነ ፓስዎርድ የሚሞክሩ ሮቦቶች ሌት ተቀን አያርፉም።

ሆቴል ሎቢ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጂሜልህን እንዳትከፍት፣ ፍላሽህንም እንዳትሰካ፣ ፕሪንት ከፈለክ ያንን አንድ ፋይል ብቻ በዊቻት ለሪሴፕሽኗ ላክላት።