ወንድሜ በ44 ዓመቱ ታመመ፤ እኔስ መቼ ልመርመር?

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ናቸው። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«46 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ ኡበር እነዳለሁ። ምንም አያመኝም፤ ሐኪሜ ግን አንጀትህን ተመርመር ይለኛል። ምን አይቶብኝ ነው?»

ዕድሜዎን ነው ያየው። አሜሪካ ውስጥ የምርመራው መነሻ 50 ዓመት ነበር። በሽታው ወጣቶች ላይ እየበዛ ሲመጣ፣ መመሪያ የሚያወጣው የባለሙያዎች ቡድን በፈረንጆቹ 2021 ወደ 45 አወረደው። በየዓመቱ የሰገራ ናሙና ከቤት መላክ ይችላሉ፤ አለዚያም በ10 ዓመት አንዴ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀትን ማየት። ናሙናው አገር ቤት ለአሜባና ለጃርዲያ የምንሰጠው ዓይነት አይደለም። በዓይን የማይታይ ደም ነው የሚፈለግበት። ደም ከተገኘ ኮሎኖስኮፒው አይቀርም።

«ወንድሜ በ44 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር ተገኘበት። እኔ 32 ነኝ። 45 እስኪሞላኝ ልጠብቅ?»

አይጠብቁ። 45 የሚለው በቤተሰቡ በሽታው ለሌለበት ሰው ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ከ60 ዓመት በታች ሆኖ ከታመመ ስሌቱ ይለያል፦ 40 ዓመት፣ ወይም ዘመድዎ ከታመመበት ዕድሜ 10 ቀንሰው የሚያገኙት፤ ከሁለቱ የሚቀድመው። ከ44 ላይ 10 ሲቀነስ 34። ሁለት ዓመት ይቀርዎታል። ምርመራው ኮሎኖስኮፒ ነው፤ በየ5 ዓመቱ ይደገማል።

ወንድምዎ ሊንች ሲንድረም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ካለበትና እርስዎም ከወረሱት ግን ይህም ስሌት ይቀራል። ያኔ ምርመራው ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱም ይደገማል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይደውሉለትና «ዕጢው ለሊንች ታይቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

ችግሩ እኛ ቤት ማን በምን እንደሞተ አይነገርም። የእኔ አጎት «ሆዱን ታሞ» ነው የሞተው። ለሐኪምም ይህንኑ ስናገር ኖርኩ። አንድ ቀን ልቅሶ ቤት አክስቴ ስኒዋን እንደያዘች «ያ ክፉ በሽታ ነው እኮ፣ አንጀቱን» አለች። እንደዋዛ።

«እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ 62 ዓመቷ። ሰገራዋ ላይ ደም ታያለች። ኪንታሮት ነው ተብላ ቅባት ትቀባለች። እዚያስ እንዲህ ያለ መመሪያ አለ?»

የእናትዎን ነገር ከመመሪያ ጋር አያገናኙት። ቅድመ ምርመራ ምልክት ለሌለው ሰው ነው። በ62 ዓመት ደም ከታየ፣ ኪንታሮት ቢኖርም እንኳ ውስጡ በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት። ደም ማነስ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ ይፍጠኑ።

ወደ መመሪያው ስመጣ፣ በኢትዮጵያ ጤነኛውን ሁሉ በዕድሜው እየጠራ አንጀት የሚመረምር አገር አቀፍ ፕሮግራም የለም። የማኅፀን በር ካንሰር ነው ያ ዕድል የደረሰው። የአሜሪካውን ገልብጦ ማምጣትም በእኔ እምነት አያዋጣም። ደም የተገኘበት ሰው ኮሎኖስኮፒ ለማግኘት ወራት ከጠበቀ ትርፉ ጭንቀት ነው። እንግሊዝ እንኳ ምን ያህል ደም የተገኘበት ሰው ወደ ኮሎኖስኮፒ ይላክ የሚለውን ከሐኪሞቿ አቅም ጋር አመዛዝና ነው የወሰነችው። እኔ ብጠየቅ በታማሚዎች ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች እጀምር ነበር። ጥቂት ናቸው፤ ስልካቸውም ታማሚው ኪስ ውስጥ አለ።

«አባቴ 87 ነው፤ ይመርመር?»

ምልክት ከሌላቸው ይቅር። ከ76 እስከ 85 ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳቱ ያመዝናል። ቡናቸውን ይጠጡ።

«ለኮሎኖስኮፒ ቀጠሮ ተይዞልኛል። ጾም ለምጃለሁና ዝግጅቱ አይከብደኝም አይደል?»

ረሃቡ አይከብድዎትም፤ የሚከብደው አንጀትን የሚያጥበው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። ደግሞም ምስር የጾም ነው እንጂ አንጀት ባዶ አያደርግም። ቆሎና ተልባ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ይተዉ። ዋዜማውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ። ቀይ ቀለም ያለው አይሁን፤ ደም ይመስላል። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ጠዋት ነው የሚጠጣው። ቤትዎ ያለው መጸዳጃ አንድ ብቻ ከሆነ ለቤተሰቡ አስቀድመው ያሳውቁ።